ከያዙም አይለቁም

 

ተወልጄ ያደግሁት አሰበ ተፈሪ ነው፤ ዛሬ ጭሮ በምንላት ከተማ። በልጅነቴ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው የጭነት መኪና ብዙው እዚያ ቆሞ ምሳውን ይበላ ነበር። ከመንገዱ ዳር አንድ ሆቴል ነበረ። ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። በግቢው ካለው ግራር ሥር አንዲት ጦጣ ወገቧን በገመድ ታስራ ትውላለች። ብርቄ ነበር የምንላት። ሾፌሮቹ ሙዝ ይወረውሩላታል፤ ሲመሽ ደግሞ በጠርሙስ ክዳን ቢራ ያጠጧታል። ስትንገዳገድ ግቢው በሳቅ ይሞላል። እኛ ልጆችም ከትምህርት ቤት ስንመለስ አጥሩን ተደግፈን እናያታለን። እኔም ሙዝ ሰጥቻታለሁ። እኔም ስቄአለሁ።

የሆቴሉ ባለቤት ክፉ ሰው አልነበሩም። በበዓል ቀን ለድሃ ድንኳን የሚተክሉ፣ ለተቸገረ ተማሪ ደብተር የሚገዙ ሰው ነበሩ። ብርቄንም ይወዷት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ቂጣ በሻይ እየነከሩ በእጃቸው ያጎርሷት እንደነበር ዓይኔ ምስክር ነው። ከዚያ ወዲህ ሕግ ተማርኩ፣ በሕግ ሙያም አረጀሁ። ዛሬ ማታ ስለ ሕግ እንድናገር ስጋበዝ ግን መጀመሪያ የታየኝ ያ ገመድ ነው። ሌባ የሚሰርቀውን ሰው «እወደዋለሁ» አይልም። የዱር እንስሳ በቤቱ የሚያስር ሰው ግን «እወደዋለሁ» ይላል፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ሕጉ የሚከብደው ከዚህ ላይ ነው። ሕጉ የሚገጥመው ጥላቻ ቢሆን ኖሮ ሥራው ይቀልል ነበር።

ብርቄ ሦስት ዓመት ያህል ከቆየች በኋላ አንድ ሕፃን ልጅ እጁ ላይ ነከሰች። በማግስቱ ግራሩ ሥር አልነበረችም። ማን ምን እንዳደረጋት አልጠየቅንም። ልጁ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ ለመወጋት በተደጋጋሚ ተመላልሷል፤ ጦጣም እንደ ውሻ ሁሉ ያንን በሽታ ልታስተላልፍ እንደምትችል ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

በአማርኛችን «ለማዳ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ይከታል። ፍየልና ውሻ ለማዳ ናቸው እንላለን፤ ሰው በጡጦ ያሳደገውን አንበሳም ለማዳ ነው እንላለን። ፍየል ከሰው ጋር መኖር ከጀመረች 10 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኗታል። በዚያ ዘመን ሁሉ ሰው የሚዋጋውን እያረደ፣ ገራሙን እያስወለደ ባሕርይዋን በዘሯ ውስጥ ለውጦታል። በጡጦ ያደገው አንበሳ ግን የለመደው እሱ ራሱ ብቻ ነው፤ ልምዱ ለልጁ አይወርስም፣ ለእሱም ቢሆን ለአካለ መጠን ሲደርስ አይጸናለትም። ጦጣዋ ሕፃኑን የነከሰችው ስለከፋች አልነበረም። አድጋ ነበር፤ ገመዱ ግን አላደገም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በዚህ ጉዳይ የራሳችን ታሪክ አለን። አንበሳ በቤተ መንግሥት ደጅ ማሰር የንግሥና ምልክት ነበር። የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ በ1940 ዓ.ም. የተከፈተው በንጉሠ ነገሥቱ አንበሶች ነው፤ ስንቶቻችን የመጀመሪያውን አንበሳ ያየነው እዚያ፣ በአባታችን ትከሻ ላይ ሆነን ነው። ያንን ትዝታ ላጠፋባችሁ አልመጣሁም። ነገር ግን ቤተ መንግሥት ያደረገውን ባላባት ይከተላል፣ ባላባቱ ያደረገውን ባለ ሆቴል ይከተላል። አውሬን አስሮ ማሳየት የክብር ምልክት ሆኖ በአእምሯችን ስለተቀመጠ ሕጉ ሲመጣ ከወንጀል ጋር ሳይሆን ከክብር ጋር ነው የተጋጨው።

የዛሬው ንግግሬ ማዕከል ግን ጦጣም አንበሳም አይደለም፤ አቦ ሸማኔ ነው። የመረጥኩት አንድ የዱር እንስሳ ከዱር እስከ ባለጸጋ ሳሎን የሚሄድበትን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ስለሚያሳየን፣ የመንገዱም መነሻ የኛ አገር ስለሆነ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ፤ ከነብር ጋር የምናምታታው ብዙ ነን። ነብር ወፍራምና አጭር እግር ነው፣ ነጠብጣቡ እንደ አበባ ክብ ነው። አቦ ሸማኔ ቀጭንና ረጅም እግር ነው፣ ነጠብጣቡ ድፍን ነው፣ ከዓይኑ ጥግ እስከ አፉ ድረስ የእንባ ፈለግ የሚመስል ጥቁር መስመር ይወርድበታል። ይህንን የምለው ለጨዋታ አይደለም። ኬላ ላይ ያለ ፖሊስ በሪፖርቱ «አንድ የነብር ግልገል» ብሎ ጽፎ ክሱ «አቦ ሸማኔ» ካለ፣ ጠበቃ ከዚያ ልዩነት ውስጥ ገብቶ ደንበኛውን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ግልገል ሳለ ደግሞ ጀርባው ላይ ረጅም አመድማ ጠጉር ስላለው ለማያውቀው ሰው ድመትም ይመስላል።

አቦ ሸማኔ በየብስ ላይ ከሚሮጥ ፍጡር ሁሉ ፈጣን ነው፤ ያም ሆኖ ሰውን እምብዛም አያጠቃም። ጥፋቱ የመጣበት ከዚህ ገራምነቱ ነው። በጥንት ዘመን ከግብፅ እስከ ህንድ ነገሥታት ለአደን ያሠለጥኑት ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ህንድን የገዛው የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት አክባር በዘመኑ 9 ሺህ ያህል አቦ ሸማኔዎችን እንደሰበሰበ ይነገራል። በእስር ሆና ስትወልድ የተመዘገበችው ግን አንዲት ብቻ ናት፤ ያንንም የጻፈው ልጁ ጃሃንጊር በማስታወሻው ነው። አስቡት፤ ሺዎች ገቡ፣ አንዲት ወለደች። ስለዚህ በነገሥታቱ ግቢ የሞተውን ለመተካት ሁልጊዜ ከዱር ሌላ መያዝ ነበረበት። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1952 አቦ ሸማኔ ከምድሯ መጥፋቱን አስታወቀች። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ 8 አቦ ሸማኔዎችን ከናሚቢያ፣ በዓመቱ 12 ከደቡብ አፍሪካ በአውሮፕላን አስመጣች፤ በቤቷ የነበረውን ጨርሳ ከሰው አገር ልትተካ።

ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት አቦ ሸማኔዎች 7 ሺህ ገደማ ናቸው። ቀድሞ ይኖሩበት ከነበረው መሬት የቀራቸው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። በኛ በአፍሪካ ቀንድ ያለው ዘር ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ነው። የተለመደው የአውሬ ንግድ በሺዎች ከሚቆጠር መንጋ ላይ ይቀንሳል፤ ይሄኛው ከመቶዎች ላይ ነው የሚቀንሰው።

አሁን መንገዱን እንከተል። በሱማሌ ክልላችን አንድ አርብቶ አደር ፍየሎቹን አቦ ሸማኔ ይበላበታል። ዱካውን ተከትሎ ሲሄድ እናቲቱ ለአደን ስትወጣ ቁጥቋጦ ሥር የደበቀቻቸውን ግልገሎች ያገኛል። እናት አቦ ሸማኔ ብቻዋን ነው የምታሳድገው፤ አባት የለም፣ መንጋ የለም፤ ስትወጣ የሚጠብቅላት የለም። ሰውየው ግልገሎቹን በጆንያ ይዞ ይመለሳል። በእሱ ሂሳብ የፍየሎቹን ካሳ ራሱ ወሰደ። ወሬው ደላላ ጆሮ ይደርሳል። ደላላው ለአንድ ግልገል ጥቂት ሺህ ብር ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ጭነት መኪና፣ ከዚያ ድንበር፣ ከዚያ የሱማሌላንድ የባሕር ዳርቻ፣ ከዚያ በጀልባ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግሮ የመን፣ ከዚያ የዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ከተሞች። እዚያ ሲደርስ ዋጋው እስከ 10 ሺህ ዶላርና ከዚያም በላይ እንደሚጠራ ተመዝግቧል። ማስታወቂያው የሚወጣው በኢንስታግራምና በስናፕቻት ነው፤ እንደ ጫማና እንደ ሽቶ።

ላውሪ ማርከር የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ናሚቢያ ውስጥ የመሠረቱት ቺታ ኮንሰርቬሽን ፈንድ የተባለ ድርጅት በዚህ መስመር በዓመት 300 ያህል ግልገሎች እንደሚያልፉ ይገምታል። ግምት ነው፤ ኮንትሮባንዲስት ደረሰኝ አይቆርጥም። በድርጅቱ ሥር ሐርጌሳ አካባቢ የተጠለሉት አቦ ሸማኔዎች ግን ግምት አይደሉም፤ ከ80 በላይ ሆነዋል፤ እያንዳንዱ ከአንድ ሰው እጅ የተወሰደ ነው። በመንገድ የሞቱትን ቁጥር ከዚህ ጋር የሚደምር የለም። የሚሞቱት በውኃ ጥም፣ በተቅማጥ፣ በሳንባ ምች ነው። የተረፈውንም ሰው በፍየል ወተትና አጥንት በሌለው ሥጋ ያሳድገዋል፤ ካልሲየም አጥቶ እግሩ ይወላገዳል። በዓለም አንደኛ ሯጭ የሆነው ፍጡር መራመድ ያቅተዋል።

ሕጉስ ምን ይላል? በጽሑፍ ደረጃ ብዙ ይላል። አቦ ሸማኔ ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንደኛው ሰንጠረዥ ውስጥ አለ፤ ከዱር ተይዞ ለንግድ ድንበር እንዳይሻገር ክልክል ነው ማለት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የስምምነቱ አባል ሆናለች፤ የባሕረ ሰላጤው አገሮችም በተለያየ ጊዜ ገብተውበታል። በአገር ውስጥ በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 541 ወጣ፣ በ2000 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 163 ተከተለው፣ በዚያው ዓመት የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 575 ተቋቋመ። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ፣ መሸጥ፣ ማጓጓዝ ወንጀል ሆነ። ቅጣቱም ከ5 ሺህ እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ፣ ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱም ተባለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ሙያዬ ነውና። «ወይም» የምትለው ቃል ታናሽ ናት፤ ነገር ግን የችሎት በር የምትዞርባት ማጠፊያ እሷ ናት። ዳኛው ፊት የቆመው ብዙ ጊዜ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ ወጣት፣ ድሃ፣ የመጀመሪያ ጥፋቱ። ዳኛው ቢራራለት አልፈርድበትም፤ መቀጮውን ይመርጣል። መቀጮው ደግሞ ምንድን ነው? አዋጁ በወጣበት ዓመት 30 ሺህ ብር ከ3 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ የሚያስፈራ ገንዘብ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ያው 30 ሺህ ብር 300 ዶላር አይሞላም። ከፍተኛው መቀጮ በባሕሩ ማዶ ከሚሸጠው የአንድ ግልገል ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የመንገድ ወጪ ሆኗል። ሕግ አውጪው የጻፈው ቁጥር ብዙ ዓመት ሳይነካ ቆየ፤ ብሩ ግን ከሥሩ ቀለጠ። እኔ መቀጮ በእንስሳው የገበያ ዋጋ እጥፍ ይሰላ የሚል አቋም አለኝ፤ በጉምሩክ ጉዳይ የዕቃን ዋጋ መተመን ለኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ጎረቤቶቻችንም ሕግ አላቸው። ሱማሌላንድ እ.ኤ.አ. በ2015 የደንና የዱር እንስሳት ሕግ አወጣች፤ በ2018 ስድስት ግልገሎች ይዘው የተገኙ ሁለት ሰዎች ሐርጌሳ ላይ ሦስት ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። ሰፊ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ስለሌላት ግን የሳይቲስ አባል አይደለችም፤ ግልገሎቹ የሚያልፉበት ዋናው በር በስምምነቱ ካርታ ላይ ስም የለውም። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ማብቂያ ባወጡት ሕግ ቁጥር 22 ግለሰብ አደገኛ እንስሳ በቤቱ እንዳያኖር ከለከሉ። አቦ ሸማኔን በሕዝብ ፊት ይዞ የወጣ እስከ ስድስት ወር እስራትና ከ10 ሺህ እስከ 500 ሺህ ድርሃም መቀጮ ይጠብቀዋል። ከዚያ በፊት በዱባይ ጎዳና ውድ መኪና መስኮት አንገቱን ያወጣ አቦ ሸማኔ ፎቶግራፍ ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም። በሳዑዲ ዐረቢያ ደግሞ በመጥፋት ላይ ያሉ እንስሳትን መነገድ እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 30 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ ያስከትላል። ሚሊዮን ነው ያልኩት። የኛን 30 ሺህ ብር ከዚያ ጋር አስተያዩት።

እንግዲህ ከመነሻው እስከ መድረሻው ወንጀል ያልሆነበት አንድ ክንድ መንገድ የለም። ታዲያ ግልገሎቹ እንዴት ያልፋሉ? ጉቦ አለ፣ ረጅም ድንበር አለ፣ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም። እኔ የምናገረው እምብዛም ስለማይነገረው ነው፤ ስለ ኤግዚቢት።

ኬላ ላይ ሽጉጥ ቢያዝ መጋዘን ይገባል። ጫት ቢያዝ ተመዝግቦ ይወገዳል። ሲጋራ ቢያዝ ይቆለፍበታል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በካርቶን ውስጥ አምስት ሳምንት የሆናቸው አራት የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ቢያዙስ? ፖሊሱ ወተት የት ያገኛል? ለማን ይደውላል? ሕገ መንግሥታችን የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ የጉዞው ጊዜ ሳይታሰብ። ለሰው የተሰጠው ጊዜ ያ ነው። ውኃ ያልቀመሰ ግልገል 48 ሰዓት ላይቆይ ይችላል። ተጠርጣሪው ዳኛ ፊት ሲቀርብ ማስረጃው ሞቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ፖሊስ፣ ልቡ ደግ ቢሆን እንኳ፣ ካርቶኑን አይቶ እንዳላየ ለማለፍ ቢፈተን አይገርመኝም። ከያዘው ጣጣው የእሱ ነው።

አባቶቻችን «የነብር ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» ይላሉ። ለንግግሬ ስም ያደረግሁት የዚህን ተረት ሁለተኛ ክፍል ነው። ሕግ አስከባሪውም ባለቤቱም የሚታሰሩበት እሱ ነውና። አቦ ሸማኔ ከእናቱ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይቆያል፤ አድብቶ መቅረብን፣ ጥሎ ማነቅን፣ ከጅብ መሸሽን የሚማረው ከእሷ ነው። በአምስት ሳምንቱ የተወሰደ ግልገል ያንን ትምህርት አልተማረም። ብትለቀው ይራባል፣ ወይም ወደሚያውቀው ፍጡር፣ ወደ ሰው መንደር ይመጣል፤ እዚያ ደግሞ ይገደላል። ስለዚህ ከአዳኝ እጅ የተወሰደ አቦ ሸማኔ እስኪሞት ድረስ የመንግሥት ዕዳ ነው፤ በየቀኑ ሥጋ የሚበላ፣ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር የሚችል ዕዳ።

በ1998 ዓ.ም. ጎዴ ከተማ የሆነውን ልንገራችሁ፤ በጊዜው የዓለም ዜና ነበር። በአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ሁለት የአቦ ሸማኔ ግልገሎች አንገታቸው በገመድ ታስሮ ተገኙ። ለተመልካች መዝናኛ እርስ በርስ ያታግሏቸው ነበር፤ የአንደኛው አንድ ዓይን ጠፍቷል። በአካባቢው የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች አይተው ለባለሥልጣናት ነገሩ፣ ግልገሎቹ በአውሮፕላን አዲስ አበባ መጡ። ከዚያ የት ገቡ? ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ግቢ። እንስሳቱን ለማክበር አልነበረም፤ ለተወረሰ አውሬ የተዘጋጀ ሌላ ተስማሚ ቦታ በአገሪቱ ስላልነበረ ነው። አዋጁ ገና አልወጣም ነበር፤ ቢወጣም ኖሮ መልሱ አይለወጥም ነበር፤ ምክንያቱም አዋጅ አጥር አይሆንም፣ አዋጅ ወተት አያፈላም።

ክፍተቱ ከዚያ በኋላ በከፊል ተሞልቷል። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ከዱር እንስሳት ባለሥልጣን ጋር ሆኖ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሆለታ አቅጣጫ «እንስሳ ኮቴ» የተባለ ማዕከል ከፍቷል። አንበሳ፣ አቦ ሸማኔ፣ ጦጣ፣ ጭላዳ፣ ኤሊ እዚያ ተጠልለዋል። ከነዋሪዎቹ አንዱ ዶሎ የተባለ አንበሳ ነበር፤ ስሙን ያገኘው ከተገኘባት የድንበር ከተማ ነው። ዓመታት በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ስለኖረ ጎፈሩ ተበልቶ አልቆ ነበር፤ በማዕከሉ ውስጥ መልሶ አበቀለ። የሚቻላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የምትሄዱት አንበሳ ለማየት ብቻ አይሁን፤ የአንድ ሰንሰለት ዋጋ ስንት ሄክታርና ስንት ሠራተኛ እንደሚፈጅ ለማየት ይሁን።

የኔ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው፤ ብቸኛ ሐሳቤም ነው ብላችሁ ውሰዱት። የዱር እንስሳ ሕግን ማስከበር የሚጀመረው ከመያዝ ሳይሆን ከማሳደር ነው። እንስሳው የት እንደሚያድር ሳይታወቅ ክልከላው አይሠራም። ከጅግጅጋ ወደ ድንበሩ ባሉት ኬላዎች ሌሊት የሚነሳ አንድ ስልክ ቁጥር፣ ለግልገል የሚሆን የዱቄት ወተትና ጡጦ የያዘ አንድ ሳጥን፣ ተጠሪ የሆነ አንድ የእንስሳት ሐኪም ይኑር። ሐኪሙ ግልገሉን ይመርምር፣ ፎቶግራፍ ይነሳ፣ ለዘር ምርመራ ናሙና ይወሰድ፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረም፣ ግልገሉ በዚያው ሌሊት ወደ መጠለያ ይሂድ። ፍርድ ቤቱ ሰነዱን በእንስሳው ፋንታ ይቀበል። ዐቃቤ ሕግ የሞተ ግልገል ይዞ ከሚሟገት የቆመን ግልገል ሰነድ ይዞ ቢሟገት ይሻለዋል። ይህ ሁሉ ከአንድ አዲስ መኪና ዋጋ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ይመስለኛል።

ለባለቤቶችም ያው ነው፤ እንስሳው የት እንዳለ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። አሜሪካ ይህን የተማረችው በደም ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2011 በኦሃዮ ግዛት ዜንስቪል ከተማ አጠገብ አንድ ሰው በግል ግቢው ያኖራቸውን 50 ያህል አውሬዎች ቤት ከፍቶ ለቀቃቸውና ራሱን አጠፋ። ምሽቱ ሊጨልም ነበር፤ በአቅራቢያው ትምህርት ቤትና መኖሪያ ነበር። ፖሊሶቹ ተኩሰው አብዛኞቹን ገደሉ፤ ከነሱም 18ቱ ታይገር የሚባሉት የቤንጋል ነብሮች ነበሩ። የተኮሱት ፖሊሶች ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። ኦሃዮ በዓመቱ ሕግ አወጣች፤ የፌዴራሉ መንግሥት ግን ትላልቅ የድመት ዘሮችን በግል ማኖርን የከለከለው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2022 ነው። በዚያ ሕግ ውስጥ እኔን የማረከኝ አንድ አንቀጽ አለ። ቀድሞ የያዘ ሰው በ180 ቀን ውስጥ አስመዝግቦ እንስሳው እስኪሞት ሊያኖረው ይችላል፤ ማራባት ግን አይችልም፣ ሌላ መግዛት አይችልም፣ ለሕዝብ ማስነካት አይችልም። ሕጉ ተረቱን ያወቀ ይመስላል፤ ጅራቱን ለያዘው ሰው «ልቀቅ» አላለውም፣ የት እንዳለ አሳየኝ አለው።

እኛም የምዝገባ ጊዜ ያስፈልገናል። በየሆቴሉ ግቢ ያለውን ኤሊ፣ በየጓሮው የታሰረውን ጦጣ፣ በየቪላው ያለውን የአጋዘን ግልገል ማን ቆጥሮታል? ያለ ቅጣት ኑና አስመዝግቡ ቢባል ብዙ ሰው ይመጣል ብዬ አምናለሁ። ከቀነ ገደቡ በኋላ የተገኘ ግን ምሕረት አይኑረው።

ስለ አርብቶ አደሩ ሳልናገር ብወርድ ይቆጨኛል። ከዚህ አዳራሽ ሆኖ እሱን መኮነን ቀላል ነው። በተከታታይ ዝናብ አጥቶ ግመሉና ከብቱ አልቆበት፣ በቀሩት ጥቂት ፍየሎች ቤተሰብ የሚያሳድር ሰው ነው። አንዲት ፍየል ለእሱ የልጁ ወተት ናት። ለፍየሉ ካሳ የማይሰጠው ሕግ፣ ስለ ግልገሉ አስርሃለሁ ሲለው፣ ሕጉ ከአውሬው ጎን ተሰልፎ ነው የሚታየው። በናሚቢያ ማርከርና ባልደረቦቻቸው ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበሬዎች ትልልቅ የእረኛ ውሾችን ያድላሉ፤ ውሻው ከመንጋው ጋር አብሮ ያድጋል፣ አቦ ሸማኔ ሲመጣ ይጮኻል፣ አቦ ሸማኔውም ጠብ የማይወድ ነውና ይሄዳል። ፍየሉም ይተርፋል፣ አቦ ሸማኔውም ይተርፋል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ አውሬ ለበላው ከብት ካሳ ጽፋለች፤ ክፍያው ይዘገያል፤ ነገር ግን መብቱ ተጽፏል። እኔ ከአምስት ዓመት እስራት ይልቅ አንድ ጥሩ ውሻ ብዙ ግልገል ያድናል ብዬ አምናለሁ። እስራቱ ለደላላው ይሁን።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖች ያሏችሁም ብዙ ናችሁ። በስልካችሁ የሚመጣውን ተንቀሳቃሽ ምስል አይታችኋል፤ ግልገሉ ምንጣፍ ላይ ከሕፃን ጋር ሲጫወት። ደስ ይላል፤ እኔም ሳየው ዓይኔ ይሳባል። ያ ግልገል ግን ከኛው ከጎዴ ወይም ከደገሃቡር ገጠር የተነሳ ሊሆን ይችላል። አትላኩት፣ ልብ አትስጡት፣ አታሰራጩት። ደግሞ ከልባቸው አዝነው «ገዝቼ ላድነው» የሚሉ አሉ። ደላላ የሚቆጥረው ገንዘብ እንጂ የልብ ሐሳብ አይደለም፤ በአዘነ ሰው ገንዘብም ቢሆን የሚቀጥለው ቁጥቋጦ ይበረበራል።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልመለስ። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ በግቢው ጦጣ ወይም ኤሊ ያለው ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዛሬ ማታ ሄዳችሁ ገመዱን እንዳትበጥሱ። የለቀቃችኋት ጦጣ ጎረቤት ጣራ ላይ ነው የምትገኘው፤ ውሻ ወይም ድንጋይ ይጠብቃታል። ከቤታችሁ የወሰደችውን በሽታም ለዱሩ መንጋ ልታስተላልፍ ትችላለች። ቢራ፣ ዳቦ፣ ስኳር መስጠት አቁሙ፤ ገመዱን ከወገቧ አንስታችሁ ሰፊ ጥላ ያለው ቦታ አብጁላት፤ ሕፃናትን አርቁ፤ ከዚያ ባለሥልጣኑን አሳውቁ።

ከጥያቄው ሰዓት በኋላ ከበሩ አጠገብ ካለው የእንጨት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። የዱር እንስሳት ባለሥልጣኑን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ። ስማችሁን አልጠይቅም፣ የት እንደምትኖሩም አልጠይቅም። የምጠይቀው እንስሳው ምን እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እንደሆነው፣ በምን እንደታሰረ ብቻ ነው።